ስምንት ቁጥር የማይጠይቀው ጥያቄ፦ «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ፈተና በቂ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለንባብ የበቃ አንድ ጽሑፍ፣ አዲስ ሞተረኞች መንጃ ፈቃድ ለማግኘት የሚወስዱት ፈተና በቂ እንደሆነና እርሱን ማክበድ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ይሞግታል። ጸሐፊው ፈተናውን ሲገልጹ፣ ተፈታኙ የጽሑፍ ጥያቄዎችን ከመለሰ በኋላ በተከለለ ሜዳ ላይ እግሩን መሬት ሳያስነካ በኮኖች መካከል ስምንት ቁጥር እንደሚዞር፣ ከዚያም ጥቂት ቀጥ ብሎ ሄዶ እንደሚቆም ያስረዳሉ። ይህንን ያለፈ ሰው የቀረውን ከመንገዱ ይማረዋል ባይ ናቸው። ጽሑፋቸው በጨዋነት የተጻፈ፣ በተለይም ለድሃው ሞተረኛ የሚቆረቆር በመሆኑ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ እኔም በእንዲህ ዓይነት ፈተና አልፌ ለዓመታት በሞተር ሳይክል የሠራሁ ሰው ነኝና፣ መደምደሚያቸው ሰው የሚያስጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው ወድጃለሁ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ሚዛን መጠበቅን ይመለከታል። ሞተር ሳይክል በሁለት ጎማ የሚሄድ በመሆኑ ዋናው ችሎታ ሚዛን ነው፤ ስምንት ቁጥርን በዝግታ መዞር ከሁሉ የከበደ የሚዛን መለኪያ ነው፤ ስለዚህ ይህን የቻለ ሌላው አያቅተውም ይላሉ። የዚህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። በዝግታ መዞር ፍሪሲዮንን፣ ነዳጅንና የኋላ ፍሬንን አስማምቶ መያዝን የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ሲሆን፣ በገበያ መካከልና በጠባብ የመንደር መንገድ ላይ በየቀኑ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሞተር ሳይክል ሚዛኑን የሚያጣው ሲዘገይ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ ሞተሩ በአብዛኛው ራሱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ሞተረኛውን ለሞት የሚዳርገው በጊዜ መቆም ወይም በጊዜ መታጠፍ አለመቻሉ ነው። ፈተናው ታዲያ ሞተረኛው ፍጥነት ሲጨምር የማያስፈልገውን ችሎታ በጥብቅ ይለካና፣ ሕይወቱ የሚንጠለጠልበትን ሳይጠይቀው ያሰናብተዋል።

የመታጠፉን ነገር በአጭሩ ላንሣ። በእግረኛ ፍጥነት ወደ ቀኝ ለመሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ይበቃል። በሰዓት በ40 ወይም በ50 ኪሎ ሜትር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ አዘንብሎ የሚታጠፈው የቀኙ እጀታ ወደ ፊት ሲገፋ ነው። ልምድ ያለው ሞተረኛ ይህንን ሳያስበው ይሠራዋል። በስምንት ቁጥር ብቻ ሠልጥኖ የወጣ ጀማሪ ግን ከቀኝ በኩል መኪና ድንገት ሲገባበት መሪውን በድንጋጤ ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ ሞተሩም በተቃራኒው ሊሸሸው ወደፈለገው መኪና ያዘነብላል። በዝግታ የለመደው እንቅስቃሴ በፍጥነት ላይ ጠላቱ ይሆናል ማለት ነው።

ከመታጠፉ ይልቅ ረዘም አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ፍሬን ነው። በአንድ ወረዳ በባለሙያነት ስሠራ ለመስክ ሥራ ሞተር ሳይክል ተሰጠኝ። መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት በአቧራማ ሜዳ ላይ፣ ከሁለተኛ ማርሽ ሳላልፍ ነበር። ያሠለጠነኝ ሰው ደጋግሞ የነገረኝ ምክር «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» የሚል ነበር፤ እኔም በታማኝነት ጠበቅሁት። ፈተናውን ባለፍኩ በሰባተኛው ሳምንት፣ በሐምሌ ዝናብ ቁልቁለት ስወርድ፣ አንዲት ልጅ ውኃ የጫነች አህያ እየነዳች ከመታጠፊያው ብቅ አለች። የኋላውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁት። ጎማው ተቆልፎ መንሸራተት ጀመረ፤ ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ እየተንሸራተተ ሲሄድ ልጅቱን በአንድ ክንድ ርቀት ሳታት። እኔ በትከሻዬ ወድቄ አጥንቴ ተሰበረ፤ ልጅቱ የዳነችው ግን በእኔ ችሎታ አልነበረም።

ያን ቀን ያላወቅሁት፣ ማንም ሊያሳውቀኝ ይገባ የነበረው ነገር ይህ ነው። ሞተር ሳይክል ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ የፊተኛው ግን ይከብዳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል አብዛኛውን የሚሰጠው የፊቱ ፍሬን የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ ሁለቱንም ፍሬን በአግባቡ ከተጠቀመ በ14 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል፤ በኋላው ብቻ ከሆነ ግን የዚህን እጥፍ ያህል ይፈልጋል። እንዲያውም የመጀመሪያው ሞተረኛ ቀጥ ብሎ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየበረረ ያልፋል። የፊቱ ፍሬን ይገለብጣል የሚለው ፍርሃትም ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በድንገት ሲጨበጥ የፊቱ ጎማ ሊቆለፍ ይችላል። መፍትሔው ግን ክብደቱ ወደ ፊት እስኪመጣ ጠብቆ እየጨመሩ መጭመቅን መማር ነው። ይህ ደግሞ በጣት የሚለመድ ችሎታ ስለሆነ በጽሑፍ ጥያቄ ሊለካ አይችልም።

ጸሐፊው ለዚህ የሚሰጡት መልስ አስቀድሞ ታውቆኛል፤ «ልምድ ያስተምረዋል» ይላሉ። ልምድ የሚያስተምረው ግን በየቀኑ የሚደጋገመውን ነገር ነው። ማርሽ መቀየርን፣ ዳገት ላይ መነሣትን፣ በሚኒባሶች መካከል መሹለክን ልምድ በደንብ ያስተምራል። በሙሉ ኃይል መቆም የሚያስፈልገው ግን ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያ አንድ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ለመለማመጃ ጊዜ አይሰጥም። አሥር ዓመት ሞተር የነዱና አንድም ቀን የፊት ፍሬን በቅጡ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች አውቃለሁ። የአሥር ዓመት ልምዳቸው ያጠናከረላቸው የተሳሳተውን ልማድ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የአደጋው ጥፋት በአብዛኛው የመኪና አሽከርካሪዎች ስለሆነ ሞተረኛውን በፈተና ማስጨነቅ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ነው። ስለ ጥፋቱ የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም። በዚህ ጉዳይ እስካሁን በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ፣ ሃሪ ኸርት የተባሉት ተመራማሪ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሚያህሉ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን አደጋው በደረሰበት ቦታ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ነው። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በደረሱት ግጭቶች ከሦስቱ በሁለቱ ያህል የሞተረኛውን ቅድሚያ የነሣው ሌላው አሽከርካሪ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ጸሐፊው እዚህ ላይ ማቆም አልነበረባቸውም። ይኸው ጥናት፣ በተለመደው አደጋ ሞተረኛው ከአደጋው ለማምለጥ ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ መሆኑን፣ በዚያች ቅጽበትም ብዙዎቹ የኋላ ጎማቸውን ቆልፈው እንደተንሸራተቱና የፊት ፍሬናቸውን እንደሚገባው እንዳልተጠቀሙበት አሳይቷል። በአደጋው ከተሳተፉት ሞተረኞች 92 በመቶው ያለ አስተማሪ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ።

ሁለት ሰከንድን በመንገድ ላይ እናስቀምጠው። በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሰከንድ 28 ሜትር ነው። አደጋውን አይቶ እጅና እግር እስኪታዘዙ አንድ ሰከንድ፣ ማለትም 14 ሜትር ያልፋል። የቀረው 14 ሜትር ሁለቱንም ፍሬን በአግባቡ የሚጠቀም ሰው ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። ጥፋቱ የመኪናው አሽከርካሪ ሆኖ ሳለ የሠለጠነው ሞተረኛ ከመኪናው በር አጠገብ ሊቆም ይችላል፤ ያልሠለጠነው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ይላተመዋል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ትራፊክ ፖሊሱ ሊወስን ይችላል፤ ሞተረኛው ከሞተ በኋላ ግን ጥፋተኛ አለመሆኑ ለልጆቹ አባት አይሆንላቸውም። ባለመኪናውን መቅጣት እንደሚገባ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሆኖም የሌላው ሰው ጥፋት የመደበኛ ትራፊክ አካል እንደሆነ እያወቅን፣ አዲሱን ሞተረኛ ለዚያ ሳናዘጋጀው ወደ አደባባይ መስደዳችን የእኛው ጥፋት ነው።

የሞተሮቹ አነስተኛነት ሦስተኛው መከራከሪያቸው ሲሆን ብዙ አያቆየኝም። በአገራችን በብዛት የሚነዱት ሞተሮች ከ100 እስከ 200 ሲሲ (የሞተር መጠን መለኪያ) እንደመሆናቸው የአውሮፓን ጥብቅ ፈተና መመኘት ከልክ ያለፈ ነው ይላሉ። 125 ሲሲ ሞተር ግን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ50 እንኳ ቢሆን፣ ከግድግዳ ወይም ከቆመ ሲኖትራክ ጋር መላተም ከ10 ሜትር ከፍታ የመውደቅ ያህል ነው። የሰው አጥንት ሲሲ አይቆጥርም።

መኪና መንዳት የሚችል ሰው መንገዱን ስለሚያውቅ ለሞተር ተጨማሪ ፈተና አያስፈልገውም የሚለውም እንዲሁ ነው። የመኪና አሽከርካሪ ምልክቶቹንና የቅድሚያ ሕጉን ማወቁ ይጠቅመዋል። ነገር ግን በአራት ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው በመታጠፊያ ላይ የተበተነ ጠጠርን፣ በነዳጅ ማደያ መውጫ ላይ የፈሰሰ ናፍጣን፣ ዝናብ የነካው ኮብልስቶንን ከነመኖሩም አያስተውለውም። ለሞተረኛው እነዚህ የመውደቂያ ምክንያቶች ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሞተረኛ፣ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል መውረድን ካላወቀና ፍሬኑን አለማቋረጥ ይዞ ካሞቀው፣ መንገዱን በመኪና ሃምሳ ጊዜ የተመላለሰበት መሆኑ ብዙ አያድነውም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነጥብ ጥናትን የተመለከተው ነው። ጸሐፊው፣ የሞተረኞች ሥልጠና አደጋን እንደሚቀንስ ጥናቶች አላረጋገጡም፤ ስለዚህ ፈተናን ማክበድ መሠረት የለውም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ የተሠሩ 23 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ጥናቶቹ ደካማ በመሆናቸው ሥልጠናው ይሠራል ወይም አይሠራም ብሎ መደምደም እንደማይቻል ጽፈዋል። ጸሐፊው «አልተረጋገጠም» የሚለውን ወስደው «አይሠራም» አደረጉት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ይልቁንም እዚያው ውስጥ ያለ አንድ ሐሳብ ለእኔ ክርክር ያግዛል፤ ከመንጃ ፈቃድ በፊት የሚደረግ ግዴታ ሥልጠና አንዳንዶችን ከመንዳት በማዘግየት በተዘዋዋሪ አደጋን ሊቀንስ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ አንሥተዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሡት ይችሉ የነበረና ያላነሡት ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ሚዛናዊ ለመሆን እኔው ላንሣው። ኖርዌይ ውስጥ ለወጣት የመኪና አሽከርካሪዎች በተንሸራታች መንገድ ላይ መኪና መቆጣጠርን የሚያስተምር ግዴታ ሥልጠና ሲሰጥ፣ ወጣቶቹ ወንዶች በተንሸራታች መንገድ ላይ የሚያደርሱት አደጋ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ችሎታቸው ላይ ከመጠን በላይ ስለተማመኑ ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የምጠይቀው ፈተና ትርኢት የሚያስተምር መሆን የለበትም። ከመቆም ችሎታ ጎን አደጋን አስቀድሞ የማየት ችሎታ መፈተን ይኖርበታል። ብሪታንያ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንድፈ ሐሳብ ፈተናው ውስጥ ያስገባችው የቪዲዮ ፈተና ይህንን ይለካል፤ ተፈታኙ የመንገድ ላይ ቪዲዮ እያየ አደጋ መፈጠር የሚጀምርበትን ቅጽበት በመጫን ያመለክታል። የጽሑፍ ፈተናው በኮምፒውተር በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ይህንን መጨመር ይቻላል፤ ቪዲዮው ደግሞ መገናኛ ወይም መርካቶ ሊቀረጽ ይችላል።

ጸሐፊው ገንዘብ ካለ ለሄልሜት ቁጥጥር ይዋል ማለታቸውንም አይቻለሁ። ሄልሜት የሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ስለሆነ ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ እኔም እሻለሁ። ሄልሜት ግን ሥራውን የሚጀምረው ሞተረኛው ከወደቀ በኋላ ነው። አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

አሁን ጸሐፊው ልባቸውን ወደሰጡበት ነጥብ እመጣለሁ። ፈተናው ከከበደ ድሃው ወጣት ያለ መንጃ ፈቃድ ይነዳል፤ ወይም የዕለት እንጀራውን ያጣል ይላሉ። ለምሳሌም አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎችን ስታግድ ብዙዎች ከሥራ መፈናቀላቸውን ያነሣሉ። ይህ ስጋት ከልብ ሊሰማ የሚገባው ነው። ሆኖም ምሳሌው ከክርክሩ ጋር አይገናኝም። በወቅቱ እንደ ዋና ምክንያት የቀረበው በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ወንጀል ነበር፤ የማሽከርከር ብቃት አልነበረም። እገዳ ለማንም ዕድል አይሰጥም፤ ጥሩውን ሞተረኛ ከመጥፎው ሳይለይ ሁለቱንም ከመንገድ ያወጣል። ፈተና ግን ችሎታህን አሳይና እለፍ ይላል። ሞተረኞች ብቁ እንደሆኑ የሚያሳይ አስተማማኝ መለኪያ ቢኖር ኖሮ፣ ስለ ሥራቸው በሚደረግ ክርክር የሚያቀርቡት አንድ ጠንካራ ማስረጃ በእጃቸው ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያለ ፈቃድ መንዳትን በተመለከተ፣ ቀላል ፈተና ይህንን እንደማያስቀር አሜሪካ ታሳያለች። በብዙዎቹ ግዛቶች የተግባር ፈተናው በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ የሚሰጥ አጭር ልምምድ ነው፤ 15 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ኮርስ የወሰደ ሰው ደግሞ ከዚያም ነፃ የሚሆንባቸው ግዛቶች ብዙ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ሰው በሞተባቸው አደጋዎች ውስጥ ከተገኙት ሞተረኞች ከሦስት አንዱ ያህል ሕጋዊ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ የላቸውም። በሌላ በኩል ብሪታንያ ለጸሐፊው ስጋት ድጋፍ እንደምትሰጥ መካድ አልችልም። እዚያ አንድ ጀማሪ የመነሻ ሥልጠና ብቻ ወስዶ አነስተኛ ሞተርን ለሁለት ዓመት መንዳት ስለሚችል፣ ሙሉውን ፈተና የሚፈሩ ብዙዎች በየሁለት ዓመቱ ያንኑ ሥልጠና እየደገሙ ይኖራሉ። ይህ የሚያስተምረን ፈተናው ሲጠነክር ውድና ውስብስብ እንዳይሆን መጠንቀቅን ነው።

ከባድ የሚለውንና ውድ የሚለውን ጸሐፊው በአንድ ሚዛን ማስቀመጣቸው እዚህ ላይ ያስቸግራል። የጃፓንን ፈተና እንመልከት። ተፈታኙ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር መጥቶ፣ ከተወሰነው ነጥብ ጀምሮ ፍሬን ይዞ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ በ11 ሜትር፣ ርጥብ ከሆነ በ14 ሜትር ውስጥ መቆም አለበት። በኋላ ፍሬን ብቻ 11 ሜትር ላይ መቆም አይቻልም፤ ስለዚህ ይህች አንዲት ልምምድ ያለ ምንም የቃል ጥያቄ ሰውየው የፊት ፍሬን መጠቀም መቻሉን ታረጋግጣለች። የምትጠይቀው ወጪ ምንድን ነው? ከመቶ ሜትር ያልበለጠ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ጥቂት ኮን፣ አንድ የርቀት መለኪያ ሜትርና ነጭ ቀለም። ስምንት ቁጥር የሚዞርባቸው ብዙዎቹ ሜዳዎች ይበቃሉ። ሥልጠናውን በሁለት ቀን ማራዘም ቢያስፈልግ እንኳ፣ ጭኑ የተሰበረ ዕቃ አመላላሽ ለወራት ያለ ገቢ ከሚተኛበት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነርሱም 21 በመቶ ያህሉ በባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተሮች የሚጓዙ ናቸው፤ ከጠቅላላው ሞት ከአሥር ዘጠኝ በላይ የሚሆነው የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ለድሃው ማዘን ካለብን፣ ያለ በቂ ዝግጅት ወደ መንገድ ወጥቶ የሚሞተው እርሱ መሆኑንም መቁጠር አለብን።

በመጨረሻ ጸሐፊው፣ ፈተናው በከበደ ቁጥር የጉቦ በር ይሰፋል ብለው ይሰጋሉ። እኔም ይህ ያሳስበኛል፤ ነገር ግን ለጉቦ የሚመቸው በዓይን ግምት የሚፈረድ ፈተና ነው። እግሩ መሬት ነካ ወይስ አልነካም፣ አዞረ ወይስ አወላገደ የሚለውን ፈታኙ ብቻውን አይቶ ይወስናል፤ የወደቀውም ሆነ ያለፈው በምን እንደሆነ ለማስረዳት ይቸገራል። 11 ሜትር ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረ መስመር ግን በሜዳው ላይ ላሉት ሁሉ ይታያል። የፊቱ ጎማ መስመሩን አልፎ ከቆመ ፈታኙም፣ ተፈታኙም፣ ከኮኖቹ ማዶ ተራቸውን የሚጠብቁትም እኩል ያዩታል።